የማያስነጥስ በርበሬ

ኮምፒውተሩ ማመፅ የጀመረው በበልጉ ዝናብ መብራት እየሄደ ሲመጣ ነው። መጀመሪያ ተንቀራፈፈ፤ ቀጥሎ ሥራ መሐል ቀጥ ማለት አመጣ፤ በመጨረሻ ሰማያዊ ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ደርድሮ ራሱን ማጥፋት ለመደ። እኔም ትዕግሥት የሚባለውን አልታደልኩምና ጎኑን በመዳፌ መታ መታ አደረግሁት። የድሮ ሬዲዮ እንዲህ ሲያደርጉት ይታዘዝ ነበር። ይኼኛው ግን ቂመኛ ነው መሰል ባሰበት።

የእህቴ ልጅ ፉአድ ደሴ ኮምፒውተር ይጠግናል። ስደውልለት ቅዳሜ ጧት በሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ደረሰ። የጠበስኩለትን ዓሣ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ የኮምፒውተሩን ሣጥን ከፈተና ጆሮውን አስጠጋ። ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ ብሎ ነገረኝ። እኔ አልሰማሁትም። ግራ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም፤ ቀኙም እያረጀ ነው።

«ዲስኩ እየሞተ ነው አክስቴ። አዲስ ልግጠምልሽና ሁሉንም እንደገና ልጫንልሽ። ውስጡ የምትፈልጊው ነገር አለ?»

«ወፏ አለች» አልኩት።

እጁን ከሣጥኑ ላይ አነሳ። ወፍ የምንላት፣ እሱ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንዲት አሮጌ ካሴት የገለበጠልኝ ድምፅ ናት። ስትከፈት የወፍ መንጋ ስለምትመስል ስሟን ያወጣላት እሱ ነው። ካሴቷ ያን ጊዜውኑ ተበጣጥሳ አልቃለች፤ ሌላ ቅጂ የለም። ፉአድ ይኼን ሲያስታውስ በራሱ ተናደደ። ለደንበኛው ሁሉ ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጡ እያለ ሲሰብክ የሚውል ልጅ የአክስቱን ረስቷል። ኮምፒውተሩን ወዲያው አጠፋው። የሚሞት ዲስክ በተነሳ ቁጥር ይብስበታልና ደግመን አናስነሳውም አለኝ። ዲስኩን ፈትቶ አውጥቶ ከራሱ ላፕቶፕ ጋር በገመድ አገናኘና፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ መጀመሪያ ወፏን መቅዳት ጀመረ። የሚቀዳው እንደ በጋ ምንጭ በጠብታ ነበር። እየጠበቅን ሳለ፣ ለመሆኑ ይቺ ወፍ ምንድን ናት ብሎ ጠየቀኝ። ስንት ዘመን በሆዴ የያዝኩትን ያን ቀን ነገርኩት።

በደርግ ዘመን፣ ቀይ ሽብር ሐይቅ የደረሰ ዓመት፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ይማም ከአሰብ ጨውና ጨርቅ የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር፤ ከአንዱ መንገዱ ቴፕ ይዞ መጣ፣ መንዙማ ሊቀዳበት። ታላቅ ወንድሜ ሰዒድ እጁ ከባድ ስለነበር ቴፑን መንከባከብ ለእኔ ተሰጠ። ክሩ የሚነካውን የቴፑን ራስ በጥጥ የምጠርገው፣ ክር ሲበላ በእርሳስ የማጠነጥነው እኔ ነኝ። የቸገረን ድንጋይ ነው። የባትሪ ድንጋይ በዚያ ዘመን ከስኳር ብሶ ጠፍቶ ነበር። እንደ ሰው ሁሉ ያለቀውን ድንጋይ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እናስመታዋለን፤ ጥርስ ያለው ደግሞ ነከስ ያደርገዋል። ለትንሽ ጊዜ ነፍስ ይዘራና ተመልሶ ይሞታል።

ሰዒድ ግን ያን መኸር ከእኛ ጋር አልነበረም። ወጣት እየታፈሰ ሲገደል አባቴ በወዳጁ የጭነት መኪና ላይ ባዶ ጆንያ ደርቦበት በባቲ በኩል ወደ አሰብ ሸኘው። ደረሰ የሚል ወሬ አልመጣልንም፤ ቢሆንም በዚያ ጊዜ ወሬ አለመምጣቱ እንደ ደህና ወሬ ይቆጠር ነበር። እናቴ በየሶላቷ መጨረሻ የአሰብን ሙቀት እንዲያቀልለት አላህን ትለምናለች።

ጎረቤታችን እመት አስካለ ነበሩ። ከሐይቅ ዳር እስከ አምባሰል ገደል ሥር ድረስ ሰው ሲሞት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ክርስቲያኑም እስላሙም ያስጠራቸዋል፤ ሼሆቹ ሙሾ ሐራም ነው እያሉ ቢቆጡም እመት አስካለ ሲመጡ አቀርቅረው ያዳምጣሉ። ሟቹን አይተውት የማያውቁ ቢሆን እንኳ እናቱን አንድ ሁለት ነገር ጠይቀው በሁለት ስንኝ ከሞት ያስነሱታል። ወንድ ልጃቸው ምስጋናው የሰዒድ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበር። አብረው ያጠናሉ፣ አብረው ይዋኛሉ፣ በኋላም አብረው ተፈለጉ።

ምስጋናውን ገድለው የጣሉት በገበያ ቀን፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አስፋልት ላይ ነው። ዓሣ የያዘው፣ ማሽላ የጫነው፣ በግ የሚጎትተው ሁሉ በአጠገቡ እንዲያልፍ ታዘዘ። ደረቱ ላይ ፀረ አብዮት ተብሎ የተጻፈበትን ወረቀት አጣብቆ የያዘው የገዛ ደሙ ነው። አፉ ተሰብሯል፤ አንድ ዓይኑ ክፍት ነው። አንዲት አህያ ደም ሸትቷት ሸክሟን ስትጥል የአብዮት ጥበቃው አለቃ ዘለቀ ግንባሯን በሰደፍ መታትና እዚያው ተንበረከከች። ዘለቀ የሰፈራችን ልጅ ነው። እናቱ የሞተች ጊዜ ድምፃቸው እስኪዘጋ ያለቀሱላት እመት አስካለ ናቸው።

እመት አስካለን ከቤታቸው አስመጥቶ ከሬሳው ራስጌ አቆማቸው። አንዲት እንባ ከወረደች ትንሿን ልጅ እደግምልሻለሁ አላቸው። ትንሿ ልጃቸው ዘነበች ያኔ ገና ጥርሷን የምትነቅል ሕፃን ናት። ገበያው እስኪፈታ ቆሙ። አላለቀሱም። ከንፈራቸውን ነክሰውት ኖሮ ደሙ በአገጫቸው ወርዶ ነጠላቸውን አራሰው። አመሻሹ ላይ ሬሳውን በመኪና ጭነው ወሰዱት፤ የት እንደቀበሩት፣ ቀብረውትም እንደሆነ፣ የተናገረ የለም።

ከዚያ በኋላ እመት አስካለ እህል አልቀምስ አሉ። በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን በጓሮ አጥር ሾልከው እኛ ቤት ገቡ። እናቴ ታናሽ እህቴን አዝላ ውጫሌ አክስቴ ዘንድ ሄዳ ነበር። እመት አስካለ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ያዙ።

«አያ ይማም፣ የአገሩን ልጅ ሁሉ አልቅሼ ቀብሬ ለልጄ ሳላለቅስ ብሞት አፈሩስ ይቀበለኛል?» አሉት።

አባቴ ከመቀመጫው ተነሳ። ከዚያ ቴፑን አወረደ። ለሰው ማልቀስ ከተከለከለ ለዚህ አልቅሺለት፣ የሚለቀስበት ቀን ሲመጣ እናሰማዋለን አላቸው። ድንጋዮቹን ከቆርቆሮው ላይ አምጪ አለኝ፤ ገና ትኩስ ነበሩ። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነው፤ ጥበቃዎቹ ይዞራሉ፤ የእመት አስካለን ድምፅ ደግሞ ሐይቅ ውስጥ የማያውቀው ሰው የለም። እኔ ደጃፉ ላይ ሙቀጫ ይዤ እንድወቅጥና ድምፃቸውን እንድሸፍን ተባለ። በርበሬ ልጨምርበት ስል አባቴ ከለከለኝ፤ ቢያስላቸው ቴፑ ይይዘዋል አለ። ስለዚህ የጤፍ ገለባ ጨምሬ ወቀጥሁ።

ዘነዘናው በወረደ ቁጥር ከኋላዬ ቀጭን ነገር ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ክንዴ እስኪዝል ወቀጥሁ። መንገዱን፣ አጥሩን፣ ከታች የሚያብረቀርቀውን ሐይቅና ዳር ዳሩን ያለውን ቄጠማ እያየሁ አንድ ዓይነት ምት ይዤ ወቀጥሁ። አንድ ጊዜ ዘለቀ በአጥሩ ጥግ አለፈ። ምን ትወቅጫለሽ አለኝ። በርበሬ አልኩት። ቆም ብሎ አየኝና ሄደ።

ድምፁ ሲያበቃ ገባሁ። እመት አስካለ ዓይናቸው አብጦ፣ ፊታቸው ግን ከወሊድ እንደተነሳች ሴት ቀለል ብሎት ነበር። ድምፃቸውን ይስሙት ብዬ ክሩን መልሼ አስጀመርኩት፤ ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ ድንጋዩ ሞተ። በመጡበት አጥር ወጥተው ሄዱ። አባቴ ግን ግድግዳውን ይዞ ቆሞ ነበር። ለእመት አስካለ አዝኖ ነው ብዬ አሰብሁ።

«የካሴቷን ጥርስ ስበሪው» አለኝ ሲቆይ።

በካሴት ጀርባ ያሉት ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ማለቱ ነው። እነሱ ከተሰበሩ መቅጃው ቁልፍ ወደታች አልወርድም ይላል፤ ማንም ሌላ ነገር ሊቀዳበት አይችልም። በቢላ ጫፍ ነቅዬ ጣልኳቸው። ካሴቷን ወደ ቴፑ ከመመለሴ በሩ በእግር ተመትቶ ተከፈተ።

ዘለቀ ሁለት ጥበቃዎች ይዞ ነበር። ወደ እኛ አልመጣም፤ ቀጥታ ወደ ሙቀጫው ሄዶ እጁን አገባ። ገለባውን አፍሶ አየና ፊቴ ላይ በተነው።

«እናቴ በርበሬ ስትወቅጥ ሰፈሩ ሁሉ ያስነጥስ ነበር» አለ። «እኔ በዚህ አልፌ አላስነጠስኩም።»

እስከ ዛሬ ስንት ነገር ተምሬአለሁ፤ እንደዚያ ቀን አላዋቂነቴ የተሰማኝ ጊዜ የለም። በወሎ ምድር በርበሬ ያለ ማስነጠስ እንደማይወቀጥ የማያውቅ ሕፃን እንኳ የለም፤ አባቴም እኔም እንዴት ረሳነው? ዘለቀ በዚያው ቅጽበት አባቴን በሰደፍ አፉን መታው። ሁለት ጥርሱ ገለባው ላይ ወደቀ። እሱን አስረው፣ እኔን በጠጉሬ ይዘው፣ ቴፑንም ካሴቷንም ይዘው ቀበሌ ወሰዱን።

ቀበሌው ውስጥ ለውይይት ክበብ የመጣ ደህና ቴፕ፣ አዲስ ድንጋይ የገባበት፣ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ዘለቀ ጥበቃዎቹን ሰበሰበ። የአስካለን ለቅሶ ላሰማችሁ፣ ዛሬ እናትና ልጅ ይገናኛሉ አለ። ዘነበችንም ለማምጣት ሰው አዘጋጅቷል። ቁልፉን ተጫነው። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

የወጣው የሰው ድምፅ አልነበረም። ሲርር ሲርር የሚል፣ ማሽላ ላይ የወረደ የወፍ መንጋ የሚመስል ጫጫታ ነው። አገላብጦ አጫወተው፤ ወደፊት አስኬደው፤ ይባስ ቀጠነ። ጥበቃዎቹ መሳቅ ጀመሩ። አንደኛው፣ ጓድ፣ ፀረ አብዮት ወፍ ይዘሃል አለው። አባቴ ደም እየተፋ፣ መንዙማ ነበር ቴፑ ተበላሽቶ ነው አለ። እኔ ምን እንደተፈጠረ አላወቅሁም፤ እመት አስካለ ግን መትረፋቸው ገብቶኛል።

የተሳቀበት ባለሥልጣን ከቆሰለ አውሬ ይከፋል። ዘለቀ ካሴቷን ንግግር ልቀዳባት ብሎ መቅጃውን ተጫነ፤ አልወርድም አለው። ደግሞ ተጫነ። እንቢ። አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ አስተካክዪው ብሎ ቴፑን ወደ እኔ ገፋው። ማስተካከያውን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ቁራጭ ወረቀት ጠቅልዬ ሁለቱ ቀዳዳ ውስጥ ብወትፍ ያለቀ ነገር ነው። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ሞልቷል። ካሴቷን አወጣሁ፣ በነጠላዬ ጠረግሁ፣ እፍ አልኩባት፣ መለስኳት። ሞቷል፣ አይሠራም አልኩት።

አባቴን እጅና እግሩን አስረው በእንጨት ላይ ገልብጠው አንጠለጠሉት። ወፌ ላላ ይሉታል። ውስጥ እግሩን በኤሌክትሪክ ገመድ ይገርፉት ጀመር፤ በየመሐሉ ዘለቀ ወደ እኔ ዞሮ አሁንስ ይሠራል ወይ ይለኛል። የእግሩ ቆዳ ሲሰነጠቅ ሰማሁት። እጄ ወደ ወረቀቱ ሄደ። አባቴ ተዘቅዝቆ እንዳለ ያየኛል፤ ራሱን ወዲህ ወዲያ ነቀነቀ። ለጎረቤት ልቅሶ ይኼን ሁሉ መሸከሙ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ዝም ብዬ ታዘዝኩት። ሞቷል አልኩ። ዘለቀ በሰደፉ ግራ ጆሮዬ ላይ አሳረፈው። የሆነ ነገር ጧ ብሎ ፈነዳ፣ ትኩስ ነገር በአንገቴ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል ዝምታ ብቻ ነው ያለው።

ሲሰለቸው የእኛን ቴፕ ከግድግዳ አጋጭቶ ሰባበረው። ካሴቷን በጫማው ረገጣትና ይቺን ቆሻሻ ይዘሽ ጥፊ ብሎ ወደ ውጭ አወጣኝ። ቅርፊቷ ተሰንጥቋል፣ ክሩ አለ። በጡቴ መሐል ደብቄ እየተንገዳገድሁ ቤቴ ገባሁ። አባቴን ከሰነበተ በኋላ በቃሬዛ አመጡልን። በመጀመሪያ የጠየቀኝ ካሴቷን ነው። አለች ስለው ዓይኑን ጨፈነ።

«ለእናትሽ ምንም እንዳትነግሪ» አለኝ። «ዝም አይነቅዝም።»

ከዚያ ወዲያ በእግሩ አልነገደም፤ ድርቁ የባሰ ጊዜ ሞተ። እመት አስካለ ያን ካለቀሱ በኋላ ለማንም አላለቀሱም። ሰው ሲሞት ይመጣሉ፣ ጥግ ይቀመጣሉ፣ ይሄዳሉ። እሳቸውም የደርግን መውደቅ ሳያዩ ሄዱ። ዘለቀ ሰሜን ዘምቶ ቀረ፤ እናቱ የለች፣ እመት አስካለም የሉ፣ አልቃሽ አላገኘም። እናቴ ግን ረጅም ዕድሜ ኖረች። በየዒዱ ከሥጋው ለሰዒድ ድርሻውን ታነሳለታለች፤ እስኪበላሽ ታቆየውና ለጎረቤት ልጆች ትሰጣለች። በር ሲንኳኳ ቀድማ ትነሳለች። እንዲህ እያለች ሞተች።

ደርግ ሲወድቅ ቴፕ ተውሼ ካሴቷን አጫወትኳት፤ ያው ወፍ ናት። ቅርፊት ቀየርኩላት፣ ራሱን በስፒሪቶ ጠረግሁ፣ ሌላ ቴፕ፣ ሌላም ሞከርኩ። ዘለቀ ያበላሻት መሰለኝና ተውኳት። መጣል ግን አልቻልኩም፤ የአባቴ እግርና የእኔ ጆሮ ያለባት ነገር ናት።

ፉአድ ይኼን ሁሉ ሰምቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ድንጋዮቹ ደክመው ነበር ወይ አለ። ፀሐይ ያሞቅናቸው ናቸው አልኩት። ከመቀመጫው ተነሳ።

«አልተበላሸችም እኮ አክስቴ። ድንጋዩ ሲደክም ክሩ እየተንፏቀቀ ነው የቀዳው። በአዲስ ድንጋይ ስትጫወት ትሮጣለች። ማዘግየት ብቻ ነው።»

ቅጂው አልቆ ነበር። መጀመሪያ ሌላ ሁለት ቦታ አስቀመጣት፤ ከዚያ ማዘግየት ጀመረ። ወፉ ሕፃን ሆነ፣ ሕፃኑ ኮረዳ ሆነ፣ ከዚያ ወንድ ሆነና አለፈው። ትክክለኛው የቱ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ የእመት አስካለ ድምፅ ግን ከአእምሮዬ ተሟጧል። ድንጋዩ እየሞተ ስለሄደም ፍጥነቱ መጀመሪያና መጨረሻው አንድ አይደለም። ሁለታችንም ተስፋ ልንቆርጥ ስንል፣ ከድምፁ ሥር ሆኖ የሚመታ ነገር እንዳለ አሳየኝ። ይኼ ምንድን ነው አለኝ። ቀኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

የእናቴ ሙቀጫ ዛሬም ጓዳዬ ውስጥ አለ። ዘነዘናውን አንስቼ ወቀጥሁ። ራስ ይረሳል፣ ክንድ አይረሳም፤ ያው ምት ራሱ መጣ። ፉአድ እኔን እየሰማ የቴፑን ምት ከእኔ ምት ጋር እስኪገጥም አዘገየው፤ ትንሽ ቀዳ፤ ወደሚቀጥለው ሄደ። እንዲህ ስንል ፀሐይ አዘቀዘቀች። ከዚያ እመት አስካለ ቤቴ ውስጥ ሆነው አለቀሱ።

«የሰው ልጅ ሁሉ ሲሞት አልቅሼ ሸኝቼ፣
የራሴው ልጅ ሲወድቅ ዝም አልኩ ፈርቼ።»

እየወቀጥሁ አነባሁ። ልጃቸውን ከጥርሱ እስከ አካሄዱ አነሱት፤ ልጃቸውን ሲፈልጉ ንጋት ላይ ሐይቅ ዳር መውረዳቸውንም ተናገሩ። ድምፃቸው ደከመ። የሚያበቁ መስሎኝ ነበር።

«አሰብ ሄዷል አሉ ሰዒድ የይማሙ፣
ቄጠማው ውስጥ አየሁት አልደረቀም ደሙ።»

ዘነዘናው ከእጄ ወደቀ። ቴፑ ውስጥ ያለው ዘነዘና ግን ቀጠለ፤ ያቺ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ምንም ሳታውቅ የወንድሟን መርዶ እየሸፈነች ትወቅጣለች። አባቴ እዚያው ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ነበር የሰማው። ተዘቅዝቆ ራሱን ሲነቀንቅልኝ፣ ዘለቀ ከቀዳባት የሚጠፋው የጎረቤት ልቅሶ ብቻ አልነበረም። ፉአድ ምን እንዳደረገ ሳያውቅ መርዶ ነጋሪ ሆኖ ፊቴ ቆሟል። አባቴን ተቆጣሁት። እናቴ ያን ሁሉ ዒድ በር በር እንድታይ ማድረግህ ለምን አልኩት፤ ከዚያ የተገለበጠ እግሩን አሰብሁና ቁጣዬን መለስኩት። ዝም አይነቅዝም ያለኝ ግን ውሸት ነው። ይነቅዛል፤ ውስጡን በልቶ ቅርፊቱን ነው የሚያስቀረው።

ባገራችን ወግ መርዶ የሚነገረው ንጋት ላይ ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቶቼ መጡ፤ ማን ሞተ ብለው ተያዩ። ወንድሜ ነው አልኳቸው፤ መቼ ሲሉኝ ትናንት ሰማሁ አልኩ። ዘነበችን ፉአድ ሄዶ ከቤቷ አመጣት። ዛሬ እሷም የልጅ ልጆች አሏት። ፉአድ ድምፁን ከፈተው። የእናቷን ድምፅ ስትሰማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። እኔ ለምስጋናው ልጀምር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤ ለሰዒድ ያለቀሰችው እሷ ናት።